የሽንት ባክቴሪያ ምርመራ ከላብራቶሪ ይውጣ? የጅማ ልጆች ክርክር

የሂርማታው፦ ትናንት «ቦሳ አዲስ» የለጠፈውን ያላየ ካለ ይኸውላችሁ፦ «የሽንት ባክቴሪያ ምርመራ ከላብራቶሪ ይውጣ። አዲሱን መሣሪያ ማንም ሊሠራበት ይችላል።» ማንም! ማይክሮስኮፕ ላይ ጎብጬ አንገቴን የጨረስኩት ሰውዬ «ማንም» ሆኜ አረፍኩት። ጥሩ ነው። ነገ ጠዋት የባጃጅ ተራ አስከባሪው ካልቸር፣ ማለትም ከሽንት ዘርተን ያበቀልነውን ባክቴሪያ፣ ያንብብልን።

ቦሳ አዲስ፦ ብያለሁ፣ አልሸሽም። ግን ሙሉውን ተናገር እንጂ። የማወራው እ.ኤ.አ. በ2024 ለፈጣን የባክቴሪያ ምርመራ የተዘጋጀውን የሎንጊቲዩድን ሽልማት፣ 8 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ስላሸነፈው ስዊድን ውስጥ ስለተሠራው መሣሪያ ነው። የሚፈልገው ሽንት ግማሽ ሚሊ ሊትር አይሞላም። በ15 ደቂቃ ባክቴሪያ መኖር አለመኖሩን ይናገራል። በ45 ደቂቃ ደግሞ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ይለያል። ያንተ ካልቸር ዛሬ ተዘርቶ ነገ ይበቅላል፣ መድኃኒቱ የሚታወቀው ከነገ ወዲያ ነው። ቅዳሜና እሁድ ከገባበትማ አንተው ታውቃለህ። ከሊሙ የመጣች እናት እስከዚያ ጅማ ማን ቤት ትደር?

የሂርማታው፦ ስለ ማረፊያ አልጠየቅኩህም። «ማንም» ማን ነው?

ፋርማሲስቷ፦ እስኪ እኔም ልግባ። ወላሂ ሁለታችሁም ባንኮኒ ጀርባ ቆማችሁ አታውቁም። ሰው የሚመጣው «ሲያቃጥለኝ ሁለት ቀኔ ነው፣ ሲፕሮ ስጪኝ» እያለ ነው። ማዘዣ የለም። ስከለክለው ሦስት በር አልፎ ይገዛል። ዋጋ ሲነገረው «ግማሹን ቁረጪልኝ» ይላል። ትንሽ ሻል ሲለው ያቆማል፣ ከወር በኋላ ያው ሰው ያው ሕመም። ለዚህ ሰው 45 ደቂቃ መጠበቅ ራሱ ቅንጦት ነው። ደሞ መሣሪያው የሚፈትሸው አምስት መድኃኒት ብቻ ነው፤ ኦግመንቲን፣ ሲፕሮ፣ ትራይሜቶፕሪም፣ ኒትሮፉራንቶይን እና ፎስፎማይሲን። ፎስፎማይሲን ታዞለት እኔ ጋ የመጣ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ቦሳ አዲስ፦ ይኸው አንቺው መሰከርሽልኝ! አሁን የሚሸጠው በግምት ነው። ሐኪሙም ቢሆን ካልቸር አይጠብቅም፣ በግምት ጽፎ ይልካታል። ውጤቱ ሲወጣ ታካሚዋ የለችም፣ ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ይተኛል።

የሂርማታው፦ አይተኛም! እነዚያ ወረቀቶች ተደምረው ነው በአካባቢያችን ኢ. ኮላይ፣ ይሄ ሽንት የሚያቃጥለው ባክቴሪያ፣ የትኛውን መድኃኒት እንደለመደ የሚታወቀው። ሁሉም በየበሩ መርምሮ ከሸኘ ማን ይመዘግበዋል? የዓለም ጤና ድርጅት የ2016 የእርግዝና ክትትል መመሪያንም አንብብ። ለነፍሰ ጡር የሚመከረው ካልቸር ነው። እሱ ከሌለ እንኳ ግራም ስቴይን (ባክቴሪያውን ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ማየት) ከዲፕስቲክ፣ ሽንት ውስጥ ነክረው ቀለሙን ከሚያዩት ቁራጭ፣ ይቀድማል። ካልቸሩም ግራም ስቴይኑም የላብራቶሪ ሥራ ናቸው። የ«ማንም» አይደሉም።

ቦሳ አዲስ፦ መመሪያው ሲወጣ መሣሪያው የት ነበር? ከዲፕስቲክ ጋር አታምታታው።

ሲስተር ከኮቺ፦ ዲፕስቲክ ካነሳችሁ አይቀር፣ እሱ ድሮ ከላብራቶሪ ወጥቷል። እኔው ነኝ የምነክረው። ናይትራይት፣ ብዙ ባክቴሪያ ሽንት ውስጥ የሚያወጣው ኬሚካል፣ ላይ ቀለሙ ካልተቀየረ «ነፃ ነሽ» ተብላ የምትሄደው ብዙ ናት። ናይትራይት እንዲታይ ሽንቱ ፊኛ ውስጥ አራት ሰዓት ያህል ቢቆይ ነው የሚሻለው። የሚያቃጥላት ሴት ደግሞ በየሃያ ደቂቃው ነው የምትሮጠው። ባክቴሪያው ኢንትሮኮከስ የሚባለው ከሆነማ ጭራሽ ናይትራይት አያወጣም። ሌላው ጣጣ ኩባያው ነው። «የመጀመሪያውን አፍስሺና መሃለኛውን ያዢ» እላታለሁ። መጸዳጃ ቤቱ ውሃ የለው፣ በሩ አይዘጋ፣ ውጭ ሰው ያንኳኳል። ያገኘችውን ይዛ ትወጣለች። ኩባያውም መስኮት ላይ ፀሐይ እየሞቀው ተራ ይጠብቃል። ይሄን ሽንት የስዊድኑ ማሽን ውስጥ ብትከቱት ስህተቱን በፍጥነት ታገኙታላችሁ።

ቦሳ አዲስ፦ ሲስተር፣ ያ ኩባያ ላብራቶሪ ሲሄድስ ይጸዳል? ማሽኑ አጠገብሽ ቢሆን ቢያንስ ፀሐይ አይሞቅም።

ሲስተር ከኮቺ፦ እሱስ ልክ ነህ። መጸዳጃ ቤቱ ግን ይቀድማል ባይ ነኝ።

የአባ ቡና ደጋፊ፦ መብራት ሲጠፋስ ያ ማሽን በምን ይሠራል?

ቦሳ አዲስ፦ ካልቸር የሚበቅልበት የላብራቶሪው ኢንኩቤተር በኩራዝ ነው የሚሞቀው?

የአባ ቡና ደጋፊ፦ 😂 ይሄን ጎል አጽድቄያለሁ።

የሂርማታው፦ ሳቁ። ለእያንዳንዱ ታካሚ አንድ ካርትሪጅ ይጣላል፣ የሚገዛውም በዶላር ነው። እዚህ ተራ ሪኤጀንት፣ የመመርመሪያ ኬሚካል፣ «አልቋል» ተብሎ ስንት ሰው ነው የሚመለሰው? አንድ የግል ክሊኒክ ታላቅ እህቴን ባዶ ማሽን አሳይቶ ለምርመራ አስከፍሏታል። ማሽኑ ነበር፣ የሚገባበት ነገር አልነበረም።

ፋርማሲስቷ፦ ስሙን አትጥራ እንጂ እኔም ጠርጥሬያለሁ።

የአባ ቡና ደጋፊ፦ እህትህ ገንዘቧ ተመለሰላት?

የሂርማታው፦ አልተመለሰላትም። ወደ ነገራችን፤ ቦሳ አዲስ አሁንም አልመለሰም። «ማንም» ማን ነው?

ቦሳ አዲስ፦ ኡፍ! እሺ፣ «ትንሽ የሠለጠነ ነርስ» ብለህ አንብበው። ደስ አለህ?

ሲስተር ከኮቺ፦ እንዴ! ክትባት እኔ፣ ወሊድ እኔ፣ ሪፖርት እኔ፣ አሁን ደሞ ማሽን? የትርፍ ሰዓቱን ማን ሊከፍለኝ ነው?

የሂርማታው፦ እሱን «ማንም» ይክፈልሽ።