የካርፕ ጨጓራ የት ሄደ?

ጉላሽ ቤት፦
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ ትንሽ ዓሣ ቤት አለችኝ። ጉላሽ፣ ለብለብ፣ ዱለት፣ ያው የተለመደው። (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ እንዳታመጡብኝ።) ዓሣውን የማጸዳው ራሴ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሆድ ስከፍት ውስጡ ምን እንዳለ አንድም ቀን ልብ ብዬ አላውቅም። ቅዳሜ ዕለት ከባቱ፣ ከዝዋይ ሐይቅ የመጣውን ሳጸዳ ልጄ "እማዬ፣ ይሄ ምን በልቶ ነው?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሳላይ ማለፍ አቃተኝ።

የቆሮሶው አንጀት ቀጭንና ጥቅልል ነው፤ ሲጫኑት አረንጓዴ ጭቃ የመሰለ ነገር ይወጣዋል። አንዳንዱ ደግሞ ባዶ ነው። አምባዛው ሆድ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ቆሮሶ አገኘሁ፣ የአንዱ ቅርፊት እንኳ አልተነካም። ያስቸገረኝ ካርፑ ነው። ጨጓራውን ፈልጌ አጣሁት! አንጀቱ ውስጥ አሸዋና የተሰባበረ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ነበር።

ዓሣ የሚያመጣልኝ ልጅ "ካርፕ መጤ ነው፣ የቆሮሶን ቀለብ ጨረሰበት" ይላል። እውነት ነው?

ውሃ ወዳድ፦
እህቴ፣ ካርፕ ጨጓራ የለውም። ከጉሮሮው ቀጥሎ አንጀት ነው። ጥርሱም ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው፣ ቀንድ አውጣውን የሚያደቀው በሱ ነው። ጭንቅላቱን ስትከፍቺ ፈልጊው።

ያደገ ቆሮሶ በብዛት የሚበላው ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን ደቃቅ አልጌ ነው። ካርፕ አፉን ጭቃ ውስጥ ቀብሮ የነፍሳት እጭ ይለቅማል። ትልልቆቹ ከአንድ መሶብ አይበሉም ማለት ነው። የሚጋፉት ጫጩቶቹ ናቸው፤ ትንሽ ቆሮሶም ነፍሳትና ደቃቅ የውሃ እንስሳት ይበላል። እሱም ቢሆን ምግቡ ሲያንስ ነው ሽሚያው፣ ከተትረፈረፈማ ማን ከማን ይጣላል? በካርፕ የሚጎዳ ካለ እኔ የምጠረጥረው ቢልጫን ነው። እሱም እንደ ካርፕ ከሥር ለቃሚ ነው።

ባዶው ሆድ አያስገርምሽ። ቆሮሶ የሚበላው ቀን ነው። መረብ ውስጥ ካደረ እስኪነጋ ፈጭቶ ይጨርሳል።

የባቱ ልጅ፦
አምባዛስ? አምባዛም እኮ ለእኛ ሐይቅ እንግዳ ነው! ጣና ላይ አገሬው ነው፣ ዝዋይ ግን በኋላ የገባ ነው። ሰው ካርፕ ላይ ይጮኻል፣ ቆሮሶ ስትውጥ እጅ ከፍንጅ የያዝሽው ግን አምባዛን ነው። ደሞ እኛንም አትርሱን። ጠባብ ዓይን ያለው መረብ የምንጥለው፣ ቆሮሶ የሚራባበትን የዳር ሸምበቆ የምንመነጥረው እኛ ነን። አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነው፣ "ድሮ ቢልጫ በሽ ነበር" ማለት አይሰለቸውም።

ደንበኛ፦
እኔ ዱለቱን ከዛሬ ጀምሮ በጥርጣሬ ነው የማየው።

ጉላሽ ቤት፦
አይዞህ፣ ዱለቱ ከሥጋው ነው!

ውሃ ወዳድ፣ ዛሬ የካርፕ ጭንቅላት ከፈትኩ። ጉድ ነው፣ ልክ እንደ ሰው መንጋጋ! ልጄ አጥባ በሶፍት ጠቅልላ ትምህርት ቤት ይዛው ሄደች። ለዓሣ አምጪው ልጅም ነገርኩት። "ታዲያ አምባዛ ላምጣ ወይስ ይቅር?" አለኝ። አምጣ አልኩት፣ ለጉላሽ እሱን የሚያህል የለም።