ያልተመዘገበ መመሪያ ያስገድደኛል ወይ?

ሰላም ወገኖች፣ በተለይ የሕግ ባለሙያዎች። አነስተኛ አስመጪ ነኝ። ፈቃዴን ላሳድስ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ብሄድ «በአዲሱ መመሪያ ተጨማሪ ሰነድ ያስፈልጋል» ተባልኩ። መመሪያውን አሳዩኝ ስል «የውስጥ ነው» አሉኝ፤ በጽሑፍም አልሰጡኝም።

የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ን አነበብኩ። የመመሪያ ረቂቅ አስቀድሞ ለሕዝብ አስተያየት መቅረብ፣ ሲጸድቅም መመዝገብና በድረ ገጽ መውጣት አለበት። ምዝገባው ቀድሞ የጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነበር፣ አሁን የፍትሕ ሚኒስቴር ነው። እዚያም ፈልጌ አጣሁት።

አቤቱታዬን መጀመሪያ ለዚያው መሥሪያ ቤት ላስገባ ወይስ በቀጥታ ፍርድ ቤት ልሂድ? በቃል የተነገረኝን እምቢታስ በምን ላስረዳ? ሦስት ሠራተኞቼ ሥራ ፈተው ተቀምጠዋል፤ ጭንቀቱ እንቅልፍ ነስቶኛል። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።