የአረጋውያን ቤት፦ ሦስተኛው ረቂቅ ላይ አስተያየት

ጸሐፊ
ረቂቁ ይኸው። ዋናው ሐሳብ አልተነካም። በድሮው አዳራሽ ቦታ ላይ ባለ አራት ፎቅ፣ 24 ክፍል። ኪራዩ ከነዋሪው ገቢ ከ30 በመቶ አይበልጥም። ምድር ላይ ያሉት ስድስት ክፍሎች ዊልቸር ለሚጠቀሙና ደረጃ ለማይችሉ ብቻ ናቸው። መሬቱ በማኅበሩ ስም ይቆያል፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። አስተያየት እስከ ዓርብ።

የጥግ ቤት
ገጽ 4 ላይ «በየበረንዳው የልብስ ማስጫ ገመድ» ይላል። የምር ነው? ፊት ለፊት ያን የሚያክል አዲስ ሕንፃ ቆሟል። ሰው ጠዋት መስኮቱን ሲከፍት የሽማግሌ ሙታንታ እንዲቀበለው ነው?

ጡረተኛው
ይሄ ሰፈር ድሮ ገመድ በገመድ ነበር። ያኔ የማንም ዓይን አልታመመም። እኛ እዚህ ስንኖር አዲሱ ሕንፃ የታለ?

የጥግ ቤት
ድሮማ ብዙ ነገር ነበር ጋሼ። ጭቃውም ነበር።

ገንዘብ ያዥ
ገመዱን ተዉትና ገጽ 7ን እዩ። ሊፍቱ አንዴ ይገዛል፤ በየጊዜው የሚያስጠግነው ማነው? በ30 በመቶ ኪራይ ጥበቃው፣ ውኃው፣ ጣሪያው ይሸፈናል? የመጠባበቂያው መስመር ባዶ ነው። ሂሳቡን እኔ እሠራዋለሁ ብሎ የተቀበለው ልጅ የውኃ ሽታ ሆኗል። ስልክም አያነሳ።

መሐንዲሷ
ገጽ 5ንም እዩልኝ። የመግቢያው ወለል ከመንገዱ ግማሽ ሜትር ከፍ ይላል። የራምፕ፣ ማለትም የዊልቸር መውጫው ተዳፋት፣ ልክ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው (ለአንድ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት)፤ ስለዚህ ስድስት ሜትር ርዝመት ያስፈልገዋል። ሥዕሉ ላይ የተተወለት ሦስት ሜትር ነው። በዚያ በሦስት ሜትሩ ዊልቸር ለመግፋት ጎረምሳ መቅጠር ሊኖርባችሁ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥም ዊልቸር እንዲዞር የአንድ ሜትር ተኩል ክብ ባዶ ቦታ ይተው። አሁን እዚያ ላይ የእጅ መታጠቢያ ተሰክቷል።

አዲስ ገቢ
ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ላይ የምኖረው እኔ ነኝ። ገመዱ ምንም አይለኝም።

የጥግ ቤት
አንተ ተከራይ ነህ። ነገ ዕቃህን ጭነህ ትሄዳለህ። የምንቀረው እኛ ነን።

ሦስተኛ ረድፍ
ትቀራለህ እንዴ? ከደላላ ጋር ስትመላለስ ሰፈሩ ሁሉ አይቶሃል። ገመዱ የቤቴን ዋጋ ያወርድብኛል በልና ይለይልህ። እናቶች ኪራይ አቅቷቸው እየወጡ አንተ ስለ ዕይታ ታወራለህ።

የጥግ ቤት
የምሸጠውም የማልሸጠውም የራሴን ቤት ነው። ለዚህ ማኅበር መዋጮዬን አንድም ወር አጉድዬ አላውቅም። ያንቺን መዝገብ እናውጣ?

ሦስተኛ ረድፍ
አውጣው! ባሌ የታመመ ጊዜ ያልከፈልኩትንም አብረህ አውጣ። አታፍርም።

ጸሐፊ
ሁለት መልእክት አጥፍቻለሁ። ነገር አታክርሩ። የማንም መዝገብ እዚህ አይወጣም።

እናቴን የማስታምም
አንድ ነገር ልበል። እናቴ ክንዷ ከትከሻዋ በላይ አይወጣም። ገመዱ ከፍ ብሎ ከታሰረ መጀመሪያውኑ አትደርስበትም። መቆንጠጫውን እንኳ የምትከፍተው በሁለት እጇ ነው። በደረት ልክ፣ ከበረንዳው ግንብ ዝቅ ተደርጎ ቢታሰር ለእሷም ይመቻል፣ ከመንገድም አይታይም።

መምህሩ
እኔን የሚያሳስበኝ መሬቱ ነው። ባለፈው ስብሰባ «መሬቱን አስይዘን እንበደር» ያላችሁ አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ጆርጂያ ጥቁር ገበሬዎችና የመብት ታጋዮች ኒው ኮሚዩኒቲስ የሚባል ማኅበር አቋቁመው ሰፊ መሬት በጋራ ያዙ። ዛሬ በየአገሩ ላለው የማኅበረሰብ መሬት ባለአደራነት፣ ማለትም መሬቱን ማኅበር ለሁሉም በአደራ ለሚይዝበት አሠራር፣ እንደ ፈር ቀዳጅ የሚታየው እሱ ነው። ድርቅ መጣ፣ የመንግሥት ብድር በጊዜው ተከለከሉ፣ ዕዳው ተቆለለ። በ1985 መሬቱ ከእጃቸው ወጣ። እነሱ ያን ሁሉ ታግለው ያጡትን እኛ በአንድ ፊርማ እናጣዋለን።

የጥግ ቤት
መምህር፣ እየተነጋገርን ያለነው ስለ ገመድ ነው።

መምህሩ
ስለ ገመድ ከሆነማ ቪየና ያለውን ካርል ማርክስ ሆፍ የሚባለውን የመኖሪያ ሕንፃ ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ1930 ሲመረቅ ከ1,300 በላይ መኖሪያ ነበረው። ልብስ ማጠቢያው ግን የጋራ ነበር።

የጥግ ቤት
ይኸው! የጋራ ማጠቢያ። እኔ በዚህ እስማማለሁ።

ሦስተኛ ረድፍ
የት ይሠራል?

የጥግ ቤት
ምድር ላይ ነዋ። ሁለት ክፍል ይበቃዋል።

ገንዘብ ያዥ
ማጠቢያ ካለ ማድረቂያም ይፈልጋል። ማድረቂያ ደግሞ መብራት ይበላል። ለነዋሪው ብቻ ከሆነ ኪሳራ ነው። ለሰፈሩም በክፍያ ቢከፈት ግን ገጽ 7 ላይ የምንጽፈው ነገር እናገኛለን።

አዲስ ገቢ
እኛ ሕንፃ ላይ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል። ተራ መጠበቂያ የምትሆን ትንሽ ካፌ ብትጨመርበት ደግሞ ኪራይ ታስገባለች።

የጥግ ቤት
ልጁ ሐሳብ አለው። ቅድም ለተናገርኩት አትቀየመኝ።

መሐንዲሷ
ቆይ። ማጠቢያ ሁለት ክፍል፣ ማድረቂያ አንድ፣ ካፌ ሁለት። ምድር ላይ የሚቀረው አንድ ክፍል ነው። ዊልቸር ያላቸው የት ሊገቡ ነው?

ገንዘብ ያዥ
አንደኛ ፎቅ። ሊፍት አለ አይደል?

መሐንዲሷ
ሊፍቱን ማን እንደሚያስጠግን አላውቅም ያልከው አንተ ነህ! መብራት ሲጠፋ ወይም ሊፍቱ ሲቆም እነዚህ ሰዎች ፎቅ ላይ ታግተው ሊውሉ ነው። እሳት ቢነሳስ? ስድስቱ ክፍሎች ምድር የሆኑት ለጌጥ አይደለም። ገመዱን በደረት ልክ እሰሩት የተባለውን ማን አነበበው?

ገንዘብ ያዥ
መጠባበቂያ የሌለው ቤት በአምስት ዓመት ይፈርሳል። ያኔ ምድርም ፎቅም የለም።

መሐንዲሷ
ገቢ ከፈለግህ አንዷን ክፍል አከራይ፤ አምስቱን አትውሰድ። ለማንኛውም በነጻ የምሠራው የአረጋውያን ቤት መስሎኝ ነበር። ለካፌው ሥዕል ሌላ ሰው ፈልጉ።

ሦስተኛ ረድፍ
አትሂጂ እንጂ። ጸሐፊ፣ ደውልላት።

ጸሐፊ
ደውዬ አላነሳችም። ለጊዜው ረቂቁን በዚህ አስተካክዬዋለሁ። ምድሩ «የአገልግሎት ወለል» ይባላል። ክፍሎቹ 19 ሆነዋል። ዊልቸር የሚጠቀሙ አንደኛ ፎቅ ላይ ቅድሚያ ያገኛሉ። ራምፑ የሚለው «በሚመለከተው ባለሙያ ይታያል» ተብሏል። ገመድ የሚለው ወጥቷል።

እናቴን የማስታምም
እናቴ ተራዋ 21ኛ ነበር።

ጡረተኛው
እኔ 6ኛ ነኝ፤ ግን ጉልበቴን ታውቁታላችሁ። የሚቀረው አንድ የምድር ክፍል ለማን ነው?

ጸሐፊ
ለጥበቃ እና ለዕቃ ማስቀመጫ የሚል ሐሳብ ቀርቧል ጋሼ። ገና አልጸደቀም። ዓርብ ያልኩት ወደ ማክሰኞ ተዛውሯል።

የጥግ ቤት
የካፌው በር በየት በኩል ነው የሚከፈተው? በእኔ አጥር በኩል ከሆነ አልፈርምም።

ጸሐፊ
ማክሰኞ ቦታው ላይ ተገኝተን እንለካለን። ሜትር ያለው ይዞ ይምጣ፤ የማኅበሩ ሜትር መሐንዲሷ ጋ ነው።