አሶሼት ይዤ አርኤን ልሁን ወይስ በቀጥታ ቢኤስኤን ልግባ?

ጠያቂ፦ የሲልቨር ስፕሪንግ እናት

ሰላም ለሁላችሁም። ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ነኝ፤ ነርሲንግ ሆም ውስጥ በማታ ሺፍት እሠራለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ባለቤቴ ቀን ይሠራል፣ ልጆቹን በፈረቃ ነው የምንይዘው። ኮሚኒቲ ኮሌጅ እንግሊዝኛውንና ሒሳቡን ጨርሼ አሁን አናቶሚ እየወሰድኩ ነው። ግራ የገባኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። እዚያው የሁለት ዓመቱን የነርሲንግ ዲግሪ፣ አሶሼቱን፣ ጨርሼ አርኤን (ላይሰንስ ያላት ነርስ) ልሁን? ወይስ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ቢኤስኤን (የነርሲንግ ባችለር ዲግሪ) ልያዝ? አንዷ የሥራ ጓደኛዬ «አሶሼት ያለውን ሆስፒታል አይቀጥረውም፣ ጊዜሽን አታባክኚ» አለችኝ። ሌላዋ «በልጆችሽ ላይ ዕዳ አትከምሪ» ትላለች። ያለፋችሁበት ንገሩኝ።

የሌሊት ነርስ

እህቴ፣ ፈተናው አንድ ነው። አሶሼትም ያዢ ቢኤስኤን የምትቀመጪው ለዚያው ለነርስ ላይሰንስ ፈተና፣ ለኤንክሌክስ ነው። ስታልፊ የሚሰጥሽም ያው የአርኤን ላይሰንስ ነው። በሽተኛው አጠገብ ሥራው አይለይም። ልዩነቱ የሚመጣው ስትቀጠሪና በኋላ ከፍ ልበል ስትይ ነው።

እኔ በአሶሼት ነው የጀመርኩት። ትልልቅ ሆስፒታሎች ማመልከቻዬን አይተው ዝም አሉኝ። ሪሃብ (የማገገሚያ ማዕከል) ተቀጠርኩ፣ ልምድ ያዝኩ፣ ከዚያ አንድ ሆስፒታል ወሰደኝ። ስቀጠር «በተወሰነ ዓመት ውስጥ ቢኤስኤን እጨርሳለሁ» የሚል ወረቀት አስፈረሙኝ። ኦንላይን ተማርኩት፤ አብዛኛውን ክፍያ እነሱ ቻሉት። አሠሪ ለትምህርትሽ የሚከፍለው በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ታክስ አይነካውም። ግን ወረቀቱን አንብበሽ ፈርሚ። ጊዜው ሳይሞላ ከለቀቅሽ ገንዘቡን መልሺ የሚሉ አሉ።

ደግሞ «ሁለት ዓመት» ሲሉሽ እንዳትሸወጂ። ሁለት ዓመቱ የሚቆጠረው ነርሲንጉ ውስጥ ከገባሽ በኋላ ነው። አናቶሚው፣ ፊዚዮሎጂው፣ ማይክሮባዮሎጂው ከዚያ በፊት ነው። እየሠራሽ ስትወስጂው ብቻውን ዓመት ከምናምን ይበላል።

አሌክሳንድሪያ

እኔ ከላይ ካለችው ጋር ግማሽ በግማሽ ነኝ። «በኋላ ኦንላይን እጨርሰዋለሁ» ብለው የቀሩ ስንት ሰዎች አውቃለሁ። የአርኤን ደሞዝ ሲገባ ቤት ይገዛል፣ ኦቨርታይም ይጥማል፣ ትምህርቱ ይረሳል። ማግኔት የሚባለውን የነርሲንግ ጥራት ዕውቅና የያዙ ሆስፒታሎች የነርስ ማኔጀሮቻቸው ቢያንስ ቢኤስኤን እንዲኖራቸው ይገደዳሉ። አዲስ ተቀጣሪም ቢሆን ቢኤስኤን ያለውን ያስቀድማሉ። በጦር ሠራዊቱ ውስጥ መኮንን ነርስ ለመሆን ያለ ቢኤስኤን አይታሰብም። ኒውዮርክ በ2017 ባወጣችው ሕግ አዲስ አርኤን ላይሰንስ ካገኘ በ10 ዓመት ውስጥ ቢኤስኤን መያዝ አለበት። ነርስ ፕራክቲሽነር (መርምራ መድኃኒት የምታዝ ነርስ) የመሆን ሐሳብ ካለሽም መንገዱ በዚያው ነው።

ላንቺ የሚመቸው ግን ሌላ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ኮሚኒቲ ኮሌጅ አሶሼቱን እየተማርሽ ጎን ለጎን የዩኒቨርሲቲውን የቢኤስኤን ክላሶች የምትጀምሪበት ፕሮግራም አለ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የነርሲንግ ትምህርት ቤት ከኮሚኒቲ ኮሌጆች ጋር የሚሠራው እንደዚህ ነው። አድቫይዘርሽ ሳትጠይቂው አይነግርሽም፣ አንቺው አንሺው።

የባልቲሞሯ

ገንዘቡን እኔ ልናገር። ፋፍሳን፣ የመንግሥት የትምህርት ዕርዳታ ማመልከቻውን፣ በየዓመቱ ሙዪ። ፔል ግራንት (የማይመለሰው የመንግሥት ዕርዳታ) ከደረሰሽ በሕይወት ዘመን የ12 ሴሚስተር ያህል ጣሪያ አለው። ክላስ እየጀመሩ መተው ያንን ኮታ ይበላል። ኮሚኒቲ ኮሌጅ በካውንቲ ነዋሪ ዋጋ ከተማርሽ ክፍያው ከዩኒቨርሲቲው በጣም ያነሰ ነው፤ የተረፈው ፔል ለቢኤስኤኑ ይሆንሻል። እኔ መጽሐፍና ዩኒፎርም በዕቁብ ነው የሸፈንኩት፤ ዕጣዬን ሴሚስተር መክፈቻ ላይ እንዲያደርጉልኝ ዳኛውን ለመንኩ።

አናቶሚውን ደግሞ በጥሩ ውጤት ጨርሺ። ብዙ ነርሲንግ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ክላስ ዓመታት ካለፉት አይቀበሉም። ተቀባይነቱም በውድድር ስለሆነ «አለፍኩ» ብቻውን አይበቃም።

ዝምተኛው

አንድ ማስጠንቀቂያ። በጥር 2023 ፍሎሪዳ ውስጥ የተጋለጠውን ታስታውሳላችሁ? ከ7,600 በላይ የሐሰት የነርስ ዲፕሎማ ተሸጦ ነበር። «ክላስ ብዙም አትገቢም፣ ቶሎ ትጨርሻለሽ» የሚል ስልክ ቁጥር በሰው በሰው ከደረሰሽ አትደውዪ። ትምህርት ቤቱን የስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ እንደፈቀደው፣ የነርሲንግ ትምህርት ዕውቅና ሰጪዎቹ ኤሲኢኤን ወይም ሲሲኤንኢ እንዳጸደቁት እዪ። ስንት ተማሪዎቹ ኤንክሌክስ በመጀመሪያ ሙከራ እንዳለፉ ቦርዱ ድረ ገጹ ላይ ያወጣል።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ በመሃል ልግባ። እኔ አገር ቤት በቢኤስሲ ነርሲንግ ተመርቄ ነው የመጣሁት። እኔም ከሀ ልጀምር?

የሌሊት ነርስ

አይ፣ አንቺ ከሀ አትጀምሪም። ትራንስክሪፕትሽን የውጭ ነርሶችን ወረቀት በሚገመግመው በሲጂኤፍኤንኤስ (አሁን ትሩሜሪት ይባላል) አስገምግሚ፤ ቦርዱ ከጠየቀሽ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ ከዚያ ኤንክሌክስ። ወረቀቱ ከተማርሽበት ተቋም በቀጥታ መላክ አለበት። እዚያ እግሩ የማይደክመው ዘመድ ፈልጊ፤ ካልተመላለሰ አይንቀሳቀስም። ላይሰንስ ስታወጪ ደግሞ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በስምምነት አንዱ የሌላውን ይቀበላሉ፤ ዲሲ ግን ውስጡ የለችም፣ ለብቻ ታመለክቻለሽ።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ሁለቱን ጎን ለጎን የሚለውን ጭራሽ አልሰማሁም ነበር። ማክሰኞ ሺፍት የለኝም፣ አድቫይዘሯ ጋ እሄዳለሁ። አሶሼቱን እጀምራለሁ፤ ቢኤስኤኑ አብሮ ከሄደ ጥሩ፣ ካልሄደ ሥራ ከያዝኩ በኋላ። ለመግቢያው ቴስ የሚባለውን ፈተና ጠይቀውኛል። መቼ ብቀመጥ ይሻለኛል?

የባልቲሞሯ

ፊዚዮሎጂውን እንደጨረስሽ ወዲያው፣ ሳይረሳሽ። ከሳይንሱ ክፍል ትልቁ ድርሻ ከአናቶሚና ከፊዚዮሎጂ ነው የሚመጣው። የመለማመጃ መጽሐፉን አትግዢ፣ ካውንቲ ላይብረሪ ጠይቂ።