የፈረንሳይ ጂን ልስላሴው ከየት ይመጣል? በባሕር ዳር ቅመምስ ይሞከራል?

ጣና_ዳር_ባር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ላለ የሆቴል ባር ነው የምጠይቀው። አንደኛ፣ የፈረንሳይ ጂን የሚባለው ከለንደን ድራይ በምን ይለያል? ሲታደልና ጂቫይን የተባሉት የፈረንሳይ ጂኖች ጎን ለጎን ሲቀመሱ አንዱ ቅመም ቅመም፣ ሌላው አበባ አበባ ይላሉ። ሁለተኛ፣ ማውጫ (አልኮሉን አፍልቶ ትነቱን መልሶ የሚያወርድ ጋን) ሳይኖር በመዘፍዘፍ ብቻ ወደዚያ የሚጠጋ ነገር ለመሥራት ዳግም አረቄ፣ የጽድ ፍሬ፣ ኮረሪማና የዘጌ ሎሚ ይበቃል? መጠኑንና ሰዓቱን የምታውቁ ብትነግሩኝ።

የመዳብ_ጋን፦
በሕግ የታጠረ «የፈረንሳይ ጂን» የለም። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ የሚጠይቀው የጁኒፐር (ለጂን ዋና ጣዕሙን የሚሰጠው የጽድ ዘመድ ፍሬ) ጣዕም ጎልቶ እንዲሰማና አልኮሉ ከ37.5 በመቶ እንዳይወርድ ነው። ለንደን ጂንም የአሠራር ስም ስለሆነ ፈረንሳይ ውስጥ ይሠራል። በቦታ የታሰረ ስም ያለው የሰሜን ፈረንሳዮቹ ዠኒየቭር ፍላንድር አርቷ ነው፤ እሱ ደግሞ የእህሉ ጣዕም የሚሰማበት ሌላ መጠጥ ነው።

ልስላሴው የሚመጣው በአብዛኛው ከመነሻው አልኮል ነው። ጂቫይን የሚነሣው ከእህል ሳይሆን ከወይን ነው። የወይን አልኮል አፍ ላይ ወፈር ለስለስ ይላል። በዚያ ላይ በሰኔ ለጥቂት ቀናት ብቻ የምትቆየውን የወይን አበባ ይጨምሩበታል፤ አበባ አበባ ያለህ እሷ ናት። ኖርማንዲ ያለው ክሪስቲያን ድሩዋን የተባለው አውጪ ደግሞ የፖም መነሻ ይዞ ዝንጅብል፣ ቫኒላና ጽጌረዳ ይጨምርበታል።

ሲታደል መነሻው ስንዴ ነው፤ ልዩነቱ አሠራሩ ላይ ነው። የኮኛክ (ሲታደል የሚሠራበት አካባቢ የወይን አረቄ) ሕግ ወይን ማውጣትን በአውሮፓውያን ማርች 31 ስለሚያስቆም የመዳብ ማውጫዎቹ እስከ መኸር ድረስ ሥራ ይፈታሉ። በ1996 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሲታደል የገባው በዚህ ክፍተት ነው፤ እሳቱም ከሥር በቀጥታ ይነድዳል። 19 ቅመም አለው፤ ግን አንድ ላይ አይዘፈዘፉም። ጁኒፐሩ ቀድሞ ገብቶ ቀናት ይቆያል፣ ሌላው እንደየጠባዩ ተራ በተራ ይከተላል፣ የአልኮሉም ጥንካሬ እንደ ቅመሙ ይለያያል። ማውጫ የሌለው ሰው ከፈረንሳዮቹ የሚወስደው ትልቁ ነገር ይህ ተራ ነው።

ለባሩ ደግሞ፦ ጂቫይን ላይ ሎሚ አትጭመቅበት፣ አበባውን ይገድለዋል። ሁለት ሦስት የወይን ፍሬ በቂ ነው።

የዘጌ_መንገድ፦
ከዘረዘርካቸው ውስጥ ሁለቱን አውጣ።

ዳግም አረቄ አይሆንም። የገሾና የጭስ ጠረኑ ጁኒፐሩን ይውጠዋል፤ ጥንካሬውም ከአውጪ አውጪ ስለሚለያይ መጠን መያዝ አይቻልም። የቁስል አልኮልና የማቀጣጠያ ስፒሪትማ በፍጹም! ሜታኖል ሊኖርባቸው ይችላል፤ ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል፣ በጨርቅም በከሰልም አይጣራም።

የጽድ ፍሬም ይቅር። በጣና ዙሪያ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር የምናየው ጽድ ከጂኑ ጁኒፐር ጋር ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። የጂኑ ዛፍ ሲያድግም ቅጠሉ መርፌ ሆኖ በሦስት በሦስት ይወጣል፤ የእኛው ካደገ በኋላ ቅጠሉ እንደ ቅርፊት ቅርንጫፉ ላይ ይለጠፋል። እንዲያውም የእኛው ጽድ የሚመደበው መርዛማው የሳቢና ጁኒፐር ካለበት ወገን ነው። «ሁለቱም ጥድ ናቸው» ብሎ እንግዳ ላይ መሞከር ተገቢ አይደለም። ለምግብ የታሸገ ደረቅ ጁኒፐር ከአዲስ አበባም ቢሆን አስመጣ።

ለአንድ ሊትር ጠረን አልባ 40 በመቶ ቮድካ፦ ጁኒፐር 20 ግራም፣ ድምብላል 8 ግራም፣ ኮረሪማ 1 ግራም (ሽፋኑ ተነሥቶ ፍሬው ብቻ)፣ ቀረፋ ግማሽ ግራም፣ የሁለት ሎሚ ልጣጭ። ጁኒፐሩን ጨፍለቅ እንጂ አትፍጨው፤ ከተፈጨ ሬንጅ ሬንጅ የሚል ምሬት ይለቃል። በመስታወት ማሰሮ ከድነህ ከፀሐይ አርቀው። ጁኒፐርና ድምብላል በመጀመሪያው ቀን፤ 24 ሰዓት ሲሞላ ኮረሪማና ቀረፋ ለ8 ሰዓት፤ በመጨረሻ ልጣጩ ለ4 ሰዓት። የዘጌ ሎሚ ቆዳው ስስ ስለሆነ በስለታም ቢላዋ ላይ ላዩን ብቻ ግፈፈው፤ ነጩ ከገባ ምሬቱ አይወጣም። በነጠላ ጨርቅ፣ ቀጥሎ በቡና ማጣሪያ ወረቀት አጥልለው። ለማፋጠን ብለህ ከሰል ምድጃ ላይ እንዳታስጠጋው፤ የአልኮሉ ትነት ይቀጣጠላል።

ቅመም_ተራ፦
በሌላው እስማማለሁ፤ ኮረሪማው ግን 1 ግራም በዝቷል። ኮረሪማ ውስጥ ባሕር ዛፍ የሚያስታውስ ጠረን አለ፤ ፈረንሳዮቹ ከሚጠቀሙበት ሄል ጋር አንድ ዓይነት አይደለም። በ0.4 ጀምር፣ በየሁለት ሰዓቱ ቅመስ። ሲበዛ የሳል መድኃኒት ይመስላል፤ ያኔ መፍትሔው ሌላ ቮድካ ጨምሮ ማቅጠን ብቻ ነው።

ጣና_ዳር_ባር፦
አመሰግናለሁ። ለምግብ የተፈቀደ 95 በመቶ አልኮል ባገኝስ? ደግሞ ውሃ ሲነካው የሚደፈርሰው ለምንድን ነው?

የዘጌ_መንገድ፦
500 ሚሊ ሊትር ላይ 480 ሚሊ ውሃ ስትጨምር 50 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ስለሚኮማተሩ 980 ሳይሆን 950 ሚሊ ያህል ታገኛለህ። ይሞቃልና አብርደህ ዘፍዝፍበት። ከተጠለለ በኋላ 155 ሚሊ ገደማ ውሃ ወደ 43 በመቶ ያወርደዋል።

ደፍራሳው ዘይት ነው። የጁኒፐርና የልጣጭ ዘይት በጠንካራ አልኮል ይሟሟል፤ አልኮሉ ሲቀንስ ይለያይና እንደ ወተት ይነጣል። ውሃውን ቀስ እያልክ ጨምር፣ የታሸገ ውሃ ይሻላል። ከደፈረሰ ሌሊት ማቀዝቀዣ አስገብተህ በብርዱ እንዳለ በወረቀት አጥልለው፣ ወይም ወደ 43 ሳታወርድ 45 በመቶ ላይ ተወው። ቢጫነቱ ግን አይለቅም፤ ውሃ የመሰለ ጂን የሚወጣው ከማውጫ ነው።

የመዳብ_ጋን፦
ፈቃድ ያለው ማውጫ ጋ ለማሠራት ካሰብክ አንድ ነገር ንገራቸው። መጽሐፍ ላይ ያለው የአልኮል መፍያ 78 ዲግሪ ለባሕር ጠለል ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ንጹሕ ኤታኖል ወደ 73፣ ውሃ ወደ 94 ዲግሪ ላይ ይፈላል። መጽሐፉን አምኖ ቴርሞሜትር የሚጠብቅ ሰው መጠጡን ከመጨረሻው ውሃ የሚለይበትን ጊዜ አሳልፎ ይቆርጣል፤ መጨረሻ ላይ የሚወርደው የተቀቀለ ቅጠል የሚሸት ውሃ ልቡ (የሚጠጣው መካከለኛው ክፍል) ውስጥ ይገባበታል። ከቴርሞሜትሩ ይልቅ የሚወርደውን በአልኮል መለኪያና በአፍንጫ እየተከታተሉ ይቁረጡ።