ታህሳስ ላይ ሐረር፣ ከጾመኛ ጓደኛ ጋር

የጉለሌዋ፦

ሰላም ናችሁ? እኔና ጓደኛዬ ሐረርን አይተናት አናውቅም። ተወልደን ያደግነው አዲስ አበባ ነው፤ በምሥራቅ በኩል ከአዳማ አልፈን አናውቅም። እንደ ምንም ብለን ሁለታችንም ከታህሳስ 17 እስከ 21 ፈቃድ አገኘን። ትኬት ገና አልቆረጥንም።

ችግሩ እኔና እሷ በምንም አንገጥምም። እሷ ባቡር ካልሆነ አልሄድም ብላለች፤ እኔ መንገዱን እያየሁ በአውቶብስ ነው የምፈልገው። እሷ የነቢያትን ጾም ይዛለች፣ ዓሣ እንኳን አትነካም። እኔ የግመል ሥጋ ሳልቀምስ አልመለስም ስላት አማተበችብኝ። ማታ ማታ ጅብ ማብላቱ ሲነሳማ ገና ከዚሁ ትንቀጠቀጣለች። የተስማማነው በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ በማደር ብቻ ነው።

እስቲ የምታውቁ ንገሩን። በምን እንሂድ? እሷስ ምን ትበላለች? የሐረሪን ቤት ገብቶ ማየት ነውር ነው እንዴ? ፎቶስ? ጅቡስ እንዴት ነው?

የሸዋ በር ልጅ፦

ኧረ እህቴ፣ ቀኑን አይታችሁታል? ታህሳስ 19 እኮ ቁልቢ ገብርኤል ነው! የሐረር መንገድ ደግሞ በዚያው ነው የሚያልፈው። በዚያ ሰሞን አውቶብሱም፣ አውሮፕላኑም፣ የድሬዳዋና የሐረር አልጋም በተሳላሚ ይያዛል። ዋጋውን አታንሺው። ስለት ከሌላችሁ ወደ 23 ግፉት። ፈቃዱ አይለወጥም ከተባላችሁ ግን አልጋ ዛሬውኑ ያዙ።

ቤት ማየት ምንም ነውር የለውም። እንግዳ የሚያሳድሩም የሐረሪ ቤቶች ጀጎል ውስጥ አሉ፤ እኔ ብሆን ከሆቴል እነሱን ነው የምመርጠው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ሳሎኑ ከፍና ዝቅ ያለ መደብ ነው፣ ነደባ እንለዋለን። ማን የት እንደሚቀመጥ ወግ አለው፣ ስለዚህ ቦታ እስኪሰጧችሁ ቆም በሉ። ግድግዳውን የሞላው ስፌት ከእናት ለልጅ የሚተላለፍ ነው፤ "ስንት ነው?" እንዳትሉ አደራ። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካያችሁ፣ እዚያ ቤት ለመዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። የመደቡ ቀይ ቀለም ደግሞ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ላለቁት መታሰቢያ ነው ይሉናል ትልልቆቹ። በአውቶብስ ከመጣችሁ ጨለንቆን ታልፉባታላችሁ፣ መስኮት ያዙ።

ፎቶ ሳታስፈቅዱ አታንሱ። ሸዋ በር ገበያ ላይ ያሉት እናቶች ካሜራ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። መጀመሪያ የባቢሌ ለውዝ ግዙ፣ ትንሽ አውሩ፣ ከዚያ ጠይቁ።

ድሬ ነኝ፦

ወሪያ፣ ለዚህ ነው የምትጣሉት? በአውቶብስ ሂዱ፣ በባቡር ተመለሱ፤ አለቀ። ከአዲስ አበባ ሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ በጠዋት ተነስታችሁ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ናችሁ። ከአሰበ ተፈሪ በኋላ ያለው ተራራ ግን ድካሙን ያስረሳል። ባቡሩ ሐረር አይገባም፣ ድሬ ነው የምትሳፈሩት። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው፣ አዲስ አበባም ስትደርሱ ፉሪ ለቡ ነው የሚያወርዳችሁ። የሚነሳበትን ቀን ቀድማችሁ አጣሩ።

ከሐረር ድሬ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አወዳይ ላይ ጫቱን፣ ደንገጎ ላይ ቁልቁለቱን እያያችሁ ትወርዳላችሁ። ሹራባችሁን እዚያው ደንገጎ አውልቁ፣ ድሬ ሙቀት ነው። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ሳትቀመጡ ባቡር እንዳትሳፈሩ።

ሌላው በርጫ ነው። ከምሳ በኋላ ሰው ይቅማል፣ ከተማው ቀዝቀዝ ይላል። ጀጎልን በጠዋት ዙሩ። መኪና ግርግር፣ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ላይ ልብስ የምታሰፉ ከሆነም በጠዋት ስጡ፣ ማታ ትቀበላላችሁ።

የጉለሌዋ፦

ቁልቢን አልኳት፤ "ገብርኤል ጠርቶኝ ነው!" ብላ እልል አለች። ለካ የቆየ ስለት አለባት፣ ለእኔ እንኳን አልነገረችኝም። ስለዚህ ቀኑ አይነካም። 18 ቁልቢ እናድርና 19 ከንግሡ በኋላ ሐረር እንገባለን። አቦ ስለ ምግቡና ስለ ጅቡ የመለሰልኝ የለም።

የሸዋ በር ልጅ፦

ቁልቢ ካደራችሁ ጋቢ ያዙ፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከንግሡ በኋላ መኪናው ሁሉ አንዴ ስለሚነሳ ሐረር በጊዜ እንገባለን ብላችሁ አታስቡ፤ አልጋ የያዛችሁበት ቤት ደውሉና አሳውቁ።

ለጾመኛዋ ፉል በዘይት፣ የምስር ሳምቡሳ፣ ሽሮ፣ ፍራፍሬም ሞልቷል። ፈጢራ ካማራት ያለ እንቁላልና ያለ ቅቤ ብላ ትዘዝ፣ ማሩ ይበቃታል። ሆጃ የሚባለው መጠጥ ከቀረበላት ወተት እንዳለው ትጠይቅ።

አንቺ ሥጋሽን ጊድር መጋላ ታገኛለሽ። ግን በእጅሽ አንጠልጥለሽ እንዳትወጪ። ጭላቶቹ ጣሪያው ላይ ተሰልፈው ነው የሚጠብቁት፣ ከእጅሽ ላይ መንጭቀው ይሄዳሉ።

ጅቡ ከመሸ፣ 1 ሰዓት ገደማ ነው፤ ፈላና በር ወይም ሰንጋ በር ውጪ። ዋጋውን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሥጋውን እንጨት ጫፍ ላይ አድርገው ይሰጡሻል፣ ከፈለግሽ እንጨቱን በጥርስሽ ትይዢዋለሽ። ጓደኛሽ ባጃጅ ውስጥ ሆና ትይ። ባጃጁ በር እንደሌለው ግን ከአሁኑ አትንገሪያት።