የሚያድን እምነት በምን ይታወቃል?

ጥያቄ፦
ጌታን ከተቀበልሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። በቅርቡ ጎረቤቴ ልጇ ታሞባት ለመድኃኒት መግዣ ብድር ስትጠይቀኝ፣ ገንዘቡ በኪሴ እያለ «እጸልይልሻለሁ» ብዬ ከደጄ መለስኋት። ማታ ያዕቆብ ምዕራፍ 2ን ሳነብ «እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» የሚለው ቃል ስለ እኔ የተጻፈ ሆነብኝ። ጳውሎስ ሰው ያለ ሕግ ሥራ በእምነት ይጸድቃል ይላል፤ ያዕቆብ ደግሞ በእምነት ብቻ አይደለም ይላል። ታዲያ የእኔ እምነት እውነተኛ መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ሁለቱም በምስክርነት የሚጠሩት አብርሃምን ነው። ጳውሎስ የሚያተኩረው ዘፍጥረት 15 ላይ፣ ገና ይስሐቅ ሳይወለድ የተስፋውን ቃል ባመነበት ሰዓት ላይ ነው፤ ያዕቆብ ግን ይስሐቅ ተወልዶ ካደገ በኋላ በመሠዊያው ላይ የተጋደመበትን ቀን፣ ዘፍጥረት 22ን፣ ያነሣል። ስለዚህ ያዕቆብ ሌላ የመዳን መንገድ አላመጣም፤ ያው እምነት ከዓመታት በኋላ ያፈራውን ፍሬ አሳየን እንጂ። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪ የነበረው ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1522 የያዕቆብን መልእክት «የገለባ መልእክት» ማለቱን፣ የወንጌላውያን አማኝ ብሆንም፣ አልቀበለውም፤ እርሱ ራሱ በዚያው ዓመት ለሮሜ መልእክት በጻፈው መግቢያ እምነት ሕያው ስለ ሆነ በጎ ሳይሠራ መኖር አይችልም ብሏል።

መልስ 2፦
እኔ ኦርቶዶክሳዊ ነኝ፤ ፈያታዊ ዘየማንን፣ በጌታ ቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ፣ ልጨምር። በመስቀል ላይ ሳለ ለምጽዋት የሚዘረጋው እጅ አልነበረውም፤ በቀረችው አንደበቱ ግን ጓደኛውን ገሠጸ፣ ፍርዱ እንደሚገባው ተናዘዘ፣ «አስበኝ» ብሎ ለመነ። የአንተ እጅ አልታሰረም። በቋንቋችን ማመንና መታመን ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ አጋንንት እግዚአብሔር አንድ መሆኑን ያምናሉ፣ ይንቀጠቀጡማል፣ አይታመኑበትም እንጂ።

ጠያቂው፦
ዛሬ ጠዋት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። መድኃኒቱን ከሌላ ሰው ተበድራ ገዝታለች፤ ብድሩን እኔ ልክፈል አልኋት። አሁን የሚያስጨንቀኝ፣ ይህን ያደረግሁት ለእርሷ አዝኜ ነው ወይስ አማኝ መሆኔን ለራሴ ለማስመስከር?

መልስ 1፦
ሁለቱም ተቀላቅለው ሊሆን ይችላል። በማርቆስ 9 የታመመው ልጅ አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» እያለ ሲጮኽ እምነቱ ገና ጎደሎ ነበር፤ ጌታ ግን እስኪሞላ አላስጠበቀውም፣ ልጁን ፈወሰለት። ያዳነው የእምነቱ ብዛት ሳይሆን የታመነበት ጌታ ነው። ብድሩን ክፈልላት፤ ልጁንም ሄደህ ጠይቀው።